አማት ከኋላ ስትመጣ

ሩአች ቁምጣውን የገዛው ከሰልባጅ ተራ ነው። ሻጩ የብስክሌት ቁምጣ መሆኑን ምሎ አረጋግጦለታል። መማል አላስፈለገውም ነበር፤ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ለብሶ የሚሄድበት ሌላ ቦታ የለም። ጨርቁ ገላ ላይ ልጥፍ ይላል። ከፊት ለፊት ጥቁር ነው። ከኋላው፣ ልክ ሰው በሚቀመጥበት ቦታ፣ አንገቷ ላይ ደወል ያንጠለጠለች ቀይ ላም አለች። የሆነ አገር የወተት ፋብሪካ ማስታወቂያ ሳይሆን አይቀርም። ሩአች ሱቄ ውስጥ ለክቶት ሲዞር፣ ሳሙና ሊገዙ የመጡ ሁለት የኑዌር ሽማግሌዎች ላሟን ትክ ብለው አዩዋት።

«ቀንዷ አጭር ነው» አሉ አንደኛው።

«ግቷ ግን ጥሩ ነው» አሉ ሌላኛው።

ስለ ቁምጣው ምንም አላሉም።

እኔ ሙአዝ እባላለሁ። ሱቁን የከፈቱት አባቴ ኢድሪስ ናቸው፤ ከጎሬ ወርደው ኒውላንድ የሚባለው ሰፈር ላይ ቆርቆሮ አቁመው «ለጊዜው ነው» ያሉት እኔ ሳልወለድ ነው። ከሩአች ጋር አብረን አድገናል። እሱ አሁን ዲሽ ሰቃይ ነው። በኒውላንድ ያልወጣበት ጣሪያ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የማማ አንጀሊና ነው።

ማማ አንጀሊና የእጮኛው የኛኮንግ እናት ናቸው። በኑዌር ወግ ደግሞ ወንድ ልጅ አማቱ ፊት አይቆምም። ከሩቅ ካያቸው መንገድ ይቀይራል፤ እሳቸው ባሉበት እህል ውሃ አይቀምስም፤ ገላን ማሳየትማ ወሬውም አይነሳ። የመጀመሪያው ልጅ ሲወለድ ነገሩ ላላ ይላል ይባላል። እስከዚያ ግን እንኳን ጣሪያቸው ላይ አጥራቸው ጥግም መታየት የለም። ሌላ ዲሽ ሰቃይ ሲጠሩ «አማችዎ እያለ እኔን ምን ጥልቅ አደረገኝ» ብሎ ይሸሻል። ስለዚህ የማማ አንጀሊና ቴሌቪዥን ክረምት ከገባ ጀምሮ ሰማያዊ ነው፤ መሀሉ ላይ «ሲግናል የለም» ይላል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሴቶቹ ትናንት ምን እንዳዩ ሲጠይቋቸው «ያው የተለመደው ነው» ይላሉ።

ሠርጉን አንቆ የያዘው የኛኮንግ ታላቅ ወንድም ቦት ነው። አባታቸው በሕይወት ስለሌሉ የቤቱ ቃል የእሱ ነው። ቦት የእርዳታ ድርጅት ሾፌር ነው፤ ሸሚዙ ሁልጊዜ እንደ አዲስ ብር ይንኮሻኮሻል። መጀመሪያ «ዝናቡ ይቁም» አለ። ዝናቡ ቆመ። «መንገዱ ይድረቅ» አለ። ደረቀ። ከዚያ «አጎታችን ከጁባ ይምጣ» ማለት ጀመረ። ሰፈሩ በሙሉ ግን እውነተኛውን ምክንያት ያውቃል፤ ሸሚዞቹን የምትተኩሰው ኛኮንግ ናት።

ነገሩ የፈነዳው ሱቄ በር ላይ ነው። ቦት ለስላሳ እየጠጣ፣ ሩአች የፊት ጎማውን ነፋስ እየሞላ፣ ኛኮንግ ደግሞ ለተማሪዎቿ እርሳስ እየመረጠች ነበር።

«ማይ ብራዘር፣» አለ ቦት፣ «ቅዳሜ የብስክሌት ውድድሩ ላይ አለህ አሉ?»

«አለሁ።»

«በዚች?» ሩአች ከሦስት ብስክሌት ሬሳ የገጣጠማትን ብስክሌት በጠርሙሱ አመለከተ። የቦት ብስክሌት ከጁባ ተነስቶ በማታር በኩል በጀልባ የገባ ነው፤ በአንድ ጣት ይነሳል፤ ያነሳውን ሰው ሁሉ እናውቀዋለን፣ ምክንያቱም ቦት ሳያስነሳው የሚያልፍ ሰው የለም። «እሺ፣ ስማ። ከፊቴ ከገባህ ሠርጉ ጥር ላይ ነው። ከኋላዬ ከገባህ ለሚቀጥለው ዓመት።»

«የሚቀጥለው ዓመት መቼ?»

«አጎቴ ሲመጣ።»

«አጎትህ መቼ ነው የሚመጡት?»

«እሱን እሳቸው ናቸው የሚያውቁት።»

«ተስማምቻለሁ» አለ ሩአች፤ ኛኮንግ አፉን ለመያዝ እጇን ስትዘረጋ ዘግይታ ነበር።

ኛኮንግ መዋዕለ ሕፃናት ነው የምታስተምረው፤ ሁለቱንም ጥግ ይዘው እንዲቆሙ የሚያደርግ ዓይን አላት። «እኔን ሳትጠይቁ በእኔ ትወዳደራላችሁ፣ አይደል? ጥሩ።» ወደ ሩአች ዞረች። «ብትሸነፍ እኔ አላለቅስም። እስከ ሠርጉ ድረስ ግን የዚህን ሰውዬ ሸሚዝ የምትተኩሰው አንተ ነህ።»

ሩአች የቦትን ሸሚዝ አየ። የዚያን ዕለት መሰለኝ ቁምጣውን ሊፈልግ ሰልባጅ ተራ የሄደው።

እኔን ውድድሩ ውስጥ ያስገባኝም እሱ ነው። «ከፊቴ ሆነህ ነፋሱን ትከልልልኛለህ» አለኝ። ለምን እኔን እንደመረጠ ስጠይቀው ትከሻዬን፣ ከዚያ ሆዴን አየና «ሰፊ ነህ» አለ። ብስክሌቴ ለደንበኛ ዕቃ የማደርስባት ባለ ቅርጫት ናት። ባለቤቴ ኢልሀም ስንነሳ ቅርጫቱ ውስጥ አረንጓዴ ሽርጤን አጣጥፋ ጨመረች።

«ምን ላድርገው?»

«በቁምጣ ልትሰግድ ነው? ዙሁር ቢደርስብህስ?»

ውድድሩ የሚጀመረው ጠዋት፣ ፀሐይ ሳትበረታ ነው። በእኔ ፍጥነት የቀትሩ ዙሁር መንገድ ላይ እንደሚያገኘኝ ግን ሁለታችንም እናውቃለን፤ አልተከራከርኩም።

የውድድሩ ሕግ ቀላል ነው። ከኒውላንድ በኢታንግ መንገድ ወጥቶ፣ ሾፌሮች ጎማ የሚያበርዱበት ትልቁ ማንጎ ዛፍ ጋ ሲደረስ ታጥፎ መመለስ። ማንጎው ሥር የውሃና የሙዝ ጣቢያ አለ፤ እዚያ ከጣቢያው ኃላፊ እጅ ቀይ ሪባን ተቀብሎ ይዞ ያልመጣ አሸናፊ አይባልም። ሪባኑ የመጣው አምና ቴኒ የሚባል ጓደኛችን ግማሽ መንገድ ላይ ሣር ውስጥ ተኝቶ ቆይቶ፣ ፊቱን በውሃ ረጭቶ አንደኛ ከገባ በኋላ ነው። ሜዳልያውን እስካሁን አልመለሰም።

ተነሳን። ነፋሱን ከለልኩ። እስከ ከተማው መውጫ ድረስ በሚገባ ነው የከለልኩት፤ ከዚያ በኋላ ሩአች «አላህ ይስጥልኝ» ብሎኝ ቦትን ተከትሎ ሄደ። የቀረነው ከስኳርና ከደም ግፊት ለመዳን የገባን ነን። እኔም ብዙ አልቆየሁም። በቆሎ የጫነ ኢሱዙ ቀስ ብሎ አለፈኝና፣ የኋላ ሰንሰለቱ ተንጠልጥሎ አየሁት። ያዝኩት። ይህንን የምጽፈው ስለማላፍር ነው፤ ያለማሸነፍ ጥቅሙ ማንም የማይከስህ መሆኑ ነው።

ማንጎው ጋ ከመድረሴ በፊት ያለው ኩርባ ላይ፣ ቁጥቋጦ ውስጥ ደወል ያላት ቀይ ላም አየሁ። ኢሱዙውን ለቀቅኩት።

ሩአች ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ፣ ብስክሌቱን ታቅፎ ቁጢጥ ብሏል።

«ምን ሆነህ ነው? ወደቅህ?»

«ዝቅ በል! እሳቸው አሉ።»

«ማን?»

ስም አይጠራም፤ ያም ክልክል ነው። በአገጩ ወደ ማንጎው ጠቆመ። በቁጥቋጦው መሀል ሐምራዊ የመዘምራን ልብስ ታየኝ፤ ቀጥሎ ደግሞ ኒውላንድ ውስጥ ያለ ማይክራፎን የሚሰማው ድምፅ ደረሰኝ። ማማ አንጀሊና ጣቢያው ላይ ናቸው። ኃላፊዋ እሳቸው፣ ሪባኑም በእጃቸው።

«ቦት ነው ያስቀመጣቸው» አለ ሩአች፤ ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም። «መሪ ነበርኩ፣ ሙአዝ! መሪ! እዚህ ስደርስ አየኋቸው፣ ገባሁ። እሱ ሲያልፍ ምን እንዳለ ታውቃለህ? ‹ና እንጂ! ውሃ አለ! ሙዝ አለ! ማዘርም አለች!›»

አስቡት። አማቱ ፊት፣ በዚያ ቁምጣ፣ በዚያች ላም። ሪባኑን ካልተቀበለ ሠርግ የለም፤ በዚህ ሁኔታ ከተቀበለም ሠርግ የለም። ቦት ጥሩ አስቦበታል፤ የዚያን ያህል የሚያስብ አይመስለኝም ነበር።

«አንድ ነገር ግን አልገባኝም» አለ ሩአች አንገቱን አውጥቶ። «ቦት ከሄደ ቆየ። ሌሎቹም አልፈዋል። ማንም አልተመለሰም። ምን እያደረጉ ነው?»

እኔም አልገባኝም። ግን የገባኝ ሌላ ነገር ነበር። እጄን ቅርጫቱ ውስጥ ከተትኩ።

ሩአች ሽርጡን አየው፤ እኔን አየኝ፤ ደግሞ ሽርጡን አየው። «የጸሎት ልብስህ አይደለም?»

«እምብርትና ጉልበት መሸፈኛ ነው። የእናንተም ችግር ከእምብርት እስከ ጉልበት አይደል?»

አሸረጠ። ላሟ ጠፋች። በአረንጓዴው ሽርጥ ላይ ጥቁር መነጽሩን ሲያደርግ የሐረር ነጋዴ መሰለ። እኔ ቀድሜ፣ እሱ ዘግየት ብሎ ኩርባውን ዞርን።

ማንጎው ሥር ያየሁትን ነገር በሌላ ውድድር አያለሁ ብዬ አላስብም። ተወዳዳሪው በሙሉ ብስክሌቱ ላይ እንዳንፈራጠጠ ቆሞ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ዓይኑን ጨፍኗል። ቦት ከሁሉም ፊት ነው፤ ጉንጩ በሙዝ ተወጥሯል፤ ማኘክም መዋጥም አልቻለም። ማማ አንጀሊና እየጸለዩ ነው። ሪባን ያለ ጸሎት አይሰጥም ብለዋል። ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በኑዌርኛ ነው የሚጸልዩት፤ ኑዌርኛ በሱቅ በር ስላደግኩ ይገባኛል። ስለ መንገዱ ለምነዋል። ስለ ጎማዎቹ ለምነዋል። ስለ ክልሉ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ባሮ ወንዝ ለምነዋል። አሁን ዘመድ ላይ ደርሰዋል።

«ኩዎዝ ሆይ፣ ጌታ ሆይ፣ በማታር ያሉትን አስብ። በናስር ያሉትን አስብ። የናስሩን ሩዋይ አስብ፣ እግሩን። ሚስቱንም አስብ፣ ምላሷን...»

«አሜን» አለ ቦት በሙዙ መሀል፣ ያበቃ መስሎት።

«...በጁባ ያለውን የቦትን አጎት አስብ፣ የማይመጣውን። በካርቱም የነበሩትን አስብ...»

አንድ ልጅ እናቱ ስትጸልይ ጥሎ መሄድ አይችልም። ቦት ሁሉንም ነገር ሲያስላ ይህችን ብቻ ነው የረሳት፤ ያቆማቸው ሴት ለሩአች አማት ቢሆኑም፣ ለእሱ እናት ናቸው።

እኔ እንደ ወጋችን መዳፌን ዘርግቼ ቆምኩ። ከመዘምራኑ አንዷ ግሬስ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ እጄን ዳብሳ አገኘችውና ሙዝ አስቀመጠችበት። ዓይኔን አልጨፈንኩም፤ እኛ ስንለምን አንጨፍንም። ስለዚህ ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። የማማ አንጀሊና ግራ ዓይን ተጨፍኗል። የቀኝ ዓይናቸው ግን ክፍት ነው፤ ኩርባውን ነው የሚያየው። አረንጓዴው ሽርጥ ብቅ ሲል ያም ዓይን ተጨፈነ፤ ጸሎቱ ከካርቱም ወደ ካይሮ ተሻገረ፤ ሪባኖቹን የያዘው እጃቸው ደግሞ ቀስ ብሎ ወደ ሰማይ ወጣ፣ ወደ መንገዱም ዘንበል አለ።

ሩአች ፊቱን ወደ ሜዳው አዙሮ፣ እጁን ወደ ኋላ ልኮ፣ ሳይቆም አለፈ። የአንዱን ሪባን ጫፍ ሳበ። ጣቶቻቸው ላላ አሉ። ታጥፎ ሄደ።

በካይሮ ያሉት ከታሰቡ በኋላ «አሜን» ተባለ።

ቦት ዓይኑን ሲገልጥ ሽርጡ በሩቅ ሲውለበለብ አየ። ሙዙን በአንድ ጊዜ ዋጠው። «ማ! ሪባኑን ማን ሰጠው?»

«እኔ ጸሎት ላይ ነበርኩ፣ ልጄ። ነፋስ ወስዶት ይሆናል።»

ቦት ሪባኑን ነጥቆ በረረ። ማማ አንጀሊና የቀረውን ሪባን ለግሬስ አስረከቡና የልብሳቸውን ጫፍ ሰበሰቡ። «ቶሚ! አስነሳ!»

ቶሚ የጣቢያውን ውሃ ያመጣ ባለ ባጃጅ ነው፤ ጥላ ሥር እግሩን ሰቅሎ ነበር። «ማማ፣ የመጨረሻው ሰው እስኪያልፍ ጠብቅ ነው የተባልኩት።»

«የመጨረሻው ሰው ይኸው ነው» አሉ እኔን እያመለከቱ። «ሙአዝ ልጄ፣ ላብህ አላማረኝም። ግባ።»

ውድድሩን አቋረጠ የሚሉኝ አሉ። እኔ ከተወዳዳሪነት ወደ ታዛቢነት ነው ያደግኩት። ብስክሌቴን ለግሬስ አደራ ሰጥቼ ገባሁ። ሽርጤ ስለሄደ ጉልበቴ ተራቁቷል፤ የሙዝ ካርቶን አቀፍኩበት።

«ለምንድን ነው የምንቸኩለው፣ ማማ?»

«ድስት ጥጄ ነው የመጣሁት።»

ቶሚ ነዳ። ቦትን አለፍነው። ከፊታችን ሩአች ታየ። እሱም ወደ ኋላ ዞር ብሎ ሐምራዊውን ልብስ አየና፣ ሰው ባጃጅ ሳይሆን አንበሳ እንደሚከተለው ሆኖ ጨመረ። አማቱ እየመጡ ነው፤ መቆም የለም፣ መድረስ የለም፣ ውሃ መጠጣት እንኳ የለም። እሳቸው ቶሚን «ትንሽ ጠጋ» ሲሉት፣ ሩአች ትንሽ ይርቃል። ደግሞ «ጠጋ» ይላሉ። ደግሞ ይርቃል። እንደዚህ እየተነዳ የሚሄድ ተወዳዳሪ አይቼ አላውቅም፤ በሬም ቢሆን።

«ጎረቤት ቀጥሬ ነው የምቸኩለው» አሉ ማማ አንጀሊና፣ ሳልጠይቃቸው።

«ድስቱስ?»

«ድስቱንም።»

በኋላ መስኮት ሳይ ቦት ከባጃጁ ኋላ ተለጥፏል። አንገቱን ደፍቶ፣ በእርጋታ፣ እየተዝናና።

«ይሄ ልጅ ምን ያደርጋል እዚህ?» አሉ።

«ነፋስ እየከለልንለት ነው፣ ማማ። ከእኛ ኋላ ሆኖ አይደክመውም፤ ሲጠጋው ወጥቶ ይቀድመዋል።»

ከዚያ ጉልበቴ ላይ ካለው ካርቶን ሙዝ አነሱ፣ ላጡት፣ በባጃጁ ጎን እስከ ወገባቸው ወጡ።

«ቦት! ልጄ! ና ብላ!»

«ማ! ውድድር ላይ ነኝ!»

«ቁርስ አልበላህም! ጠዋት አይቼሃለሁ! እንጀራውን ገፋ ገፋ አድርገህ ነው የተነሳኸው! ብላ!»

«ማ፣ ፕሊስ!»

«በሰው ፊት እናትህን እምቢ ትላለህ?»

መንገድ ዳር ውሃ የሚቀዱ ሴቶች ቆመው ያያሉ። ቦት አፉን ከፈተ። ሩአች እሳቸው እያዩት መብላት አይችልም፤ ቦት ደግሞ እሳቸው እያዩት አለመብላት አይችልም። ስንት እንዳጎረሱት አልቆጠርኩም፤ ካርቶኑ ሲቀልልኝ ግን ጉልበቴ ይታየኝ ጀመር።

የኒውላንድ ቆርቆሮዎች ብቅ ሲሉ የሩአች ብስክሌት ሰንሰለት ሽርጤን መብላት ጀመረች። መጀመሪያ ጫፉን፣ ከዚያ አንድ ስንዝር፣ ከዚያ ደርቡን። ማማ አንጀሊና ወዲያው ፊታቸውን በሙዙ ካርቶን ክዳን ሸፈኑ። ወግ ነው።

«ሙአዝ፣ አንተ እያየህ ንገረኝ!»

«ይነዳል፣ ማማ! ሽርጡ ግን እያጠረ ነው!»

«የት ደረሰ?»

«ሽርጡ ወይስ እሱ?»

«እሱ!»

«ወፍጮ ቤቱ ጋ! ወይኔ፣ ቦት ወጣ! ቦት ወጣ፣ ማማ!» ቦት እውነትም ሙዙን ተፍቶ ከኋላችን ወጥቷል፤ ቆሞ እየረገጠ ነው። ጁባዊው ብስክሌት ፉጨት ያሰማል። ደረሰበት። ጎን ለጎን ሆኑ። ሕዝቡ ከሁለቱም በኩል ይጮኻል፤ ኛኮንግ ከመጨረሻው መስመር ማዶ ባንዲራውን ይዛ ወደ ላይ ትዘላለች፤ ሽርጤ አሁን የእጅ ፎጣ አክሏል።

«እኩል ናቸው! ሩአች ደክሟል! አለቀለት፣ ማማ!»

ማማ አንጀሊና ከክዳኑ ኋላ ሆነው «ቶሚ፣ ያለ የሌለህን!» አሉ። ባጃጁ ዘለለ። ሩአችን በስሙ መጥራት አይችሉም፤ አይዞህ ማለት አይችሉም፤ ማየትም አይችሉም። ግን ማንም መዝሙር አይከለክላቸውም። ፊታቸው እንደተሸፈነ፣ በሩአች ጀርባ፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ ዘመሩ። ዓመቱን ሙሉ እሁድ እሁድ ባሮ ማዶ ድረስ የሚሰማው ያ ድምፅ፣ አሁን ጆሮው ሥር ፈነዳ።

ሩአች ወደ ኋላ አላየም። ላሟ ሙሉ በሙሉ ወጥታለች፤ እሱም ያውቀዋል። ከቆየ አማቱ ክዳኑን ዝቅ ያደርጉታል፤ ዝቅ ካደረጉት ያልቃል። ከየት እንዳመጣው የማላውቀውን እግር አመጣ። ቦት የሙዝ ግሳት አምልጦት ቀና ባለባት ቅጽበት፣ ሩአች በአንድ ጎማ ቀደመ፤ መስመሩን አለፈ፤ የኛኮንግን ባንዲራ አለፈ፤ ኛኮንግንም አለፈ፤ የክብር እንግዶቹን ድንኳን አለፈ። አልቆመም። በመጨረሻ ያየነው የላሟን ደወል ነው፤ ወደ ሱቄ በኩል ታጠፈ።

«ማን ገባ?» አሉ ማማ አንጀሊና ከክዳኑ ኋላ።

«ዲሽ ሰቃዩ፣ ማማ።»

«እሰይ» አሉ። ቀጥለውም፣ «ለጤናው ማለቴ ነው።»

ሜዳልያ ሲሰጥ አሸናፊው በድምፅ ማጉያ ተጠራ፤ አልመጣም። እንደገና ተጠራ። ማማ አንጀሊና ፊት ለፊት ወንበር ላይ ስለተቀመጡ ሊመጣ አይችልም፤ ይህንን የማያውቀው ሰብሳቢው ብቻ ነው። ሪባኑ ግን በሰው እጅ ደርሷል፤ ቁጥሩም ተረጋግጧል። በመጨረሻ ቦት ከኒም ዛፍ ሥር ተነሳ፣ ሆዱን ይዞ። ሜዳልያውን ስለ ሩአች ተቀበለና ማይኩን ያዘ።

«ቃል ቃል ነው። ሠርጉ ጥር ላይ ነው።»

ኒውላንድ እልል አለ።

«ቦት፣» አለች ኛኮንግ ከሕዝቡ መሀል፣ ያለ ማይክ፣ «ማታ ና፣ ካውያ እንዴት እንደሚያዝ አሳይሃለሁ።»

ቦት ሜዳልያውን ይዞ ሱቄ መጣ። ሩአች ከማካሮኒ ካርቶኖች ኋላ ተቀምጦ ሦስተኛውን ጠርሙስ ውሃ እየጨረሰ ነበር፤ ኢልሀም ሽርጡ እንዳለቀ ስትሰማ አንድ የጠረጴዛ ጨርቅ ወርውራለታለች። ቦት ሜዳልያውን አንገቱ ላይ አደረገለት። «እህቴን ካስለቀስካት በዚሁ ብስክሌት ነው የማሳድድህ» አለው፣ አቀፈውም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ሙአዝ። እናንተ ስትጸልዩ ዓይን አትጨፍኑም፣ አይደል?»

«አንጨፍንም።»

«እዚያ ማንጎው ሥር... ማዘር... ዓይኗ እንዴት ነበር?»

«እኔ ሙዝ እየበላሁ ነበር» አልኩት።

«የሙዝን ነገር አታንሳብኝ» አለና ዝንጅብል ያለበት ሻይ ጠየቀ።

ገና ሳልቀዳለት በሩ ጨለመብን። ሐምራዊ ልብስ። ከማካሮኒው ኋላ አንድ ጠርሙስ ወደቀ፣ የጓሮው በር ተከፈተ፣ የጠረጴዛ ጨርቅ በአጥር ላይ ሲዘል ታየ።

«ሙአዝ ልጄ፣» አሉ ማማ አንጀሊና፣ ምንም እንዳልሰሙ ሆነው፣ «የሪሞት ባትሪ አለህ?»

«አለ፣ ማማ። ግን እኮ... ጥር ገና ነው። ከጥርም በኋላ ልጅ እስኪወለድ ጣሪያዎ ላይ...»

«ስጠኝ ግድ የለህም» አሉ። «ባትሪ አይበላሽም።»